ሁለት ባላ የተከለ ባሲስት፦ የቀን ሥራና የሮክ ባንድ ፈተና እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

ሁለት ሥራ ስለ መያዝ አበው የተዉት ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ሲል ይመክራል። ቀን በቢሮ፣ በትምህርት ቤት፣ በሱቅ ወይም በእርሻ ማሳ ውሎ፣ ሲመሽ ባስ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ ወደ ልምምድ ቤት የሚያመራ ወጣት በእነዚህ ሁለት ምክሮች መካከል ይኖራል። ደመወዙ ኪራይ ይከፍልለታል፤ ባንዱ ግን ድካሙን አይቶ አይምረውም።

በተለይ በሮክ ሙዚቃ መንገድ ለመሄድ ለሚያስብ ወጣት ጥያቄው ይከብዳል። በክልል ከተሞች የሆቴልና የሠርግ ባንዶች የሚያዘወትሩት የባህልና የዘመናዊ ዘፈን ሥራ እንጂ ሮክ አይደለም። ስለዚህ ሮክ የሚወድ ባስ ተጫዋች በአብዛኛው የሚተዳደረው በሌላ ሥራ ነው፤ ባንድ ሲገኝም በሙዚቀኞች ዘንድ ኦዲሽን የሚባለውን የችሎታ ፈተና ተፈትኖ መግባት ይጠበቅበታል። ይህ ጽሑፍ የባስ ጊታር ሥራ ምን እንደሆነ፣ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅና የቀን ሥራ ያለው ሰው እንዴት ሊዘጋጅለት እንደሚችል ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ባስ ጊታር ምን ይሠራል?

የተለመደው ባስ ጊታር አራት ክሮች አሉት። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆጠሩ ሚ፣ ላ፣ ሬ እና ሶል ሆነው ይቃኛሉ። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ቀጭኑ 98 ጊዜ ገደማ። የባለ ስድስት ክሩ ጊታር ወፍራም ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ በመሆኑ የባስ ድምፅ ከእሱ በአንድ ኦክታቭ የወረደ ነው። የበገናን ጥልቅ ድምፅ ሰምቶ ላደገ ጆሮ ይህ የድምፅ ክልል ባዕድ አይደለም። ልዩነቱ በገና በጽሞና ብቻውን የሚደመጥ ሲሆን፣ ባስ ጊታር ግን በድራምና በጊታሮች ጩኸት ውስጥ ሆኖ ሥራውን መሥራት ያለበት መሆኑ ነው።

መሣሪያው የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ቀድሞ የወረደውን ድምፅ ይሰጥ የነበረው ከሰው ቁመት የሚበልጠው ደብል ባስ ነበር። ለማጓጓዝ ያስቸግራል፤ ከድራምና ከነፋስ መሣሪያዎች ጎን ሲቆም ድምፁ ይዋጣል። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር በ1951 ለገበያ ያቀረበው የኤሌክትሪክ ባስ ግን በትከሻ የሚንጠለጠልና በአምፕሊፋየር የሚጎላ ነበር። በአንገቱ ላይ የብረት ፍሬቶች ስለተደረደሩበት ተጫዋቹ ትክክለኛውን የድምፅ ቦታ ሳይስት እንዲያገኝ ረዳው። ፌንደር «ፕሪሲዥን» ብሎ የሰየመውም ይህንኑ ትክክለኛነት ለማመልከት ነው።

በባንድ ውስጥ ድራም ምቱን ይይዛል፤ ድምፃዊውና ሊድ ጊታሩ ዜማውን ይይዛሉ። ባስ ሁለቱን ያስተሳስራል። የጭቃ ቤት ሲሠራ ቋሚዎቹን እንጨቶች አግድም የሚያስተሳስራቸው ማገር ነው። ቤቱ ተመርጎ ሲያልቅ ማገሩ አይታይም፤ ቢላላ ግን ግድግዳው ይናጋል። የባስም ሥራ እንዲሁ ነው። ሊድ ጊታሩ አንድ ድምፅ ቢስት አድማጭ እንደ ጌጥ ሊቆጥርለት ይችላል። ባሱ ከሥር ያለውን መሠረታዊ ድምፅ ቢስት ግን ከላይ ያሉት ሁሉ የተሳሳቱ ይመስላሉ።

ብዙ ወጣቶች የባስን ሥራ የማይለዩበት አንዱ ምክንያት የሚያዳምጡበት መሣሪያ ነው። የሞባይል ስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ እነዚህን የወረዱ ድምፆች በሚገባ ማውጣት አይችልም። በስልክ ብቻ ዘፈን አጥንቶ ለፈተና የሚቀርብ ባሲስት ያላዳመጠውን ሊጫወት እንደመሄድ ይሆንበታል። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ሁለቱንም ጆሮ በሚሸፍን የጆሮ ማዳመጫ ነው።

ሮክ ከእኛ ቅኝት ጋር ሲገናኝ

በሠርግና በሆቴል ባንድ የተለማመደ ባሲስት ወደ ሮክ ሲሻገር በመጀመሪያ የሚለወጥበት የእግሩ አቆጣጠር ነው። ጭክጭካ የሚባለው ምት በስድስት ፈጣን ምቶች የሚዞር ሲሆን፣ አድማጩ ሁለት ትልልቅ ምት አድርጎ ያጨበጭብበታል፤ ከሥር ደግሞ በሦስት የሚቆጠር ሌላ ምት ይሰማል። አብዛኛው የሮክ ዘፈን በአራት ይቆጠራል፤ ድራመሩ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ጎላ አድርጎ ይመታል። ባሲስቱ ዓይኑን የሚጥለው በድራመሩ እግር ላይ ነው፤ በእግር የሚመታው ትልቁ ድራምና የባሱ ድምፅ እኩል ካረፉ ባንዱ የተገጠመ ይመስላል። ሁለቱ በትንሹ እንኳ ከተዛነፉ አድማጭ ምክንያቱን ባያውቅም መዛባቱ ይሰማዋል።

ሁለተኛው የዜማ ጉዳይ ነው። የሮክ ጊታር የሚወደው የድምፅ ጥምረት መሠረታዊውን ድምፅና ከእሱ አምስተኛውን ብቻ የያዘ ነው፤ ለምሳሌ ዶ እና ሶል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሦስቱ ይህን በቀላሉ ይቀበላሉ። ትዝታ በዶ ሲጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። በሦስቱም ውስጥ ሶል አለች። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ በመሆኑ ትክክለኛዋ ሶል የለችበትም። በአንቺሆዬ በተቀኘ ዜማ ሥር የሮክን ልማድ ተከትሎ ሶልን የሚመታ ባሲስት ቅኝቱን ያፈርሰዋል። በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩትን ባቲንና አምባሰልን ጨምሮ አራቱን ቅኝቶች በባሱ አንገት ላይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ተጫዋች በአገር ውስጥ የሮክ ባንድ ፈተና ላይ ከሌላው የሚለይበት ዕውቀት ይዟል ማለት ነው።

ይህ ሩቅ ሐሳብ አይደለም። ጃኖ ባንድ ሮክን ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አዋሕዶ የመጀመሪያ አልበሙን «ኤርታሌ»ን በ2012 ሲያወጣ፣ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ላስዌል ራሱ ባስ ተጫዋች ነው።

ከኒውካስል የተነሣው መምህር

የቀን ሥራ ይዞ በአካባቢ ባንዶች ውስጥ ባስ የመጫወት ነገር በሌላው ዓለምም የተለመደ ነው። ስቲንግ በሚል ስም የሚታወቀው ጎርደን ሰምነር በ1951 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኒውካስል አቅራቢያ ዎልሰንድ በተባለች የመርከብ ግንባታ ከተማ ተወለደ። አባቱ ወተት አከፋፋይ ነበር፤ ልጁም ወተት በማደል ያግዘው ነበር። ካደገ በኋላ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ የግንባታ ሠራተኛና የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሠርቷል። ከ1971 እስከ 1974 በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተምሮ ክራምሊንግተን በምትባል ከተማ በአንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት ሕፃናትን አስተማረ።

በእነዚያ ዓመታት ባሱን አልተወም። በምሽት፣ በቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በትምህርት ቤት ዕረፍት ከኒውካስል የጃዝ ባንዶች ጋር ይጫወት ነበር። ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለው ሹራብ ለብሶ በመጫወቱ ንብ መስለሃል ተብሎ የወጣለት ቅጽል ስም እስከ ዛሬ የሚጠራበት ሆነ። በ1976 መጨረሻ አካባቢ ከሌላ ባንድ ጋር ወደ ኒውካስል የመጣው ድራመር ስቱዋርት ኮፕላንድ ሲጫወት አየው። በጥር 1977 መምህሩ ወደ ለንደን ሄደ፤ ከኮፕላንድ ጋርም «ዘ ፖሊስ» የተባለውን የሮክ ባንድ መሠረቱ።

ከዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ዝናው አይደለም፤ ዝና ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነገር ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ኮፕላንድ ባየው ጊዜ ሰውዬው ገና ሊጀምር የሚያስብ አልነበረም፤ ከሥራ በተረፈው ሰዓት ዓመታትን የተጫወተ ባሲስት ነበር። ድራመሩ ያየው ለፈተና ብሎ የተዘጋጀ ሰው ሳይሆን በተለመደ ሥራው ላይ ያለ ሰው ነው።

የአገራችን ሙዚቀኞችና የቀን ሥራ

በአገራችን የሙዚቃ ታሪክም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አለ። ድምፃዊ ማሕሙድ አህመድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ አሪዞና በተባለ የምሽት ክበብ ልዩ ልዩ ሥራ የሚሠራ ተቀጣሪ ነበር። ክበቡ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች የሚያዘወትሩት ቦታ ነበር። በ1962 አንድ ምሽት ድምፃዊው ሲቀር ማሕሙድ ጥቂት ዘፈኖች ልዝፈን ብሎ ጠየቀ። በዚያ ምክንያት ከክብር ዘበኛ ባንድ ጋር ተቀላቅሎ እስከ 1974 ዘለቀ። ቀጠሮ ያልተያዘለት ፈተና ነበር፤ ያለፈውም ዘፈኖቹን አስቀድሞ ያውቃቸው ስለነበር ነው።

በደብረ ብርሃን በ1946 የተወለደው ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ጉዞው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ሠርቷል። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ታዳሚው በሌሊት ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ባንዱ እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ ኃይሉና የባንዱ ባስ ተጫዋች መላኩ ገብሬን ጨምሮ ጥቂት አባላት እዚያው ቀሩ፤ ዙላ የተባለ ባንድም አቋቋሙ። ኋላ ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ማሽከርከር ጀመረ። ኪቦርዱን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዞ እየዞረ፣ በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራው አልበም በ2013 በድጋሚ ሲታተም የውጭ አገር አድማጭ አገኘው፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበሙን አወጣ።

በእነዚያ ዓመታት ታክሲ ውስጥ የተደረገው ልምምድ መድረክ እንደሚገኝ ዋስትና አልነበረውም። ጥሪው ሲመጣ ግን ጣቶቹ አልረሱም። የቀን ሥራ ሙዚቃን የሚገድለው ሰዓት ስለሚወስድ ብቻ አይደለም፤ የቀረውን ትንሽ ሰዓት ዋጋ የለውም ብሎ ማሰብን ስለሚያስለምድ ጭምር ነው።

የሳምንቱ ሒሳብ

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በቀን 8 ሰዓት የሚተኛ ሰው በሳምንት 56 ሰዓት ለእንቅልፍ ያውላል። ሁለቱ ሲቀነሱ 64 ሰዓት ይቀራል። ለምግብ፣ ለመንገድና ለቤት ሥራ በቀን 5 ሰዓት ቢያዝ 35 ሰዓት ይወጣል፤ ቀሪው 29 ሰዓት ነው።

ባንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢለማመድ፣ መንገዱን ጨምሮ 8 ሰዓት ይሄዳል። በቤት የሚደረገው የግማሽ ሰዓት ዕለታዊ ልምምድ በሳምንት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። የቅዳሜ ምሽት ዝግጅት ካለ መሣሪያ ከመጫን እስከ ማራገፍ 8 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፈው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ቤተሰብ፣ ወዳጅ፣ ለቅሶ፣ ማኅበርና ሕመም ሁሉ የሚስተናገዱት በዚህች ትርፍ ሰዓት ነው።

ሒሳቡ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ የቀን ሥራና አንድ ባንድ አብረው መሄድ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የቀን ሥራና ሁለት ባንድ አብረው አይሄዱም። ለብዙ ባንዶች በአንድ ጊዜ የሚፈተን ባሲስት ሁለቱ ቢቀበሉት አንዱን ማሳዘኑ አይቀርም። ሁለት እግር ይዞ ሁለት ዛፍ ላይ መውጣት ማለት ይህ ነው።

ወቅቱንም መቁጠር ያስፈልጋል። መኸር ተሰብስቦ ጥር ሲገባ ሠርግ ይበዛል፤ ለሙዚቀኞችም ሥራ ይበረክታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የኦርቶዶክስ ምእመናን ሠርግ ለ55 ቀናት ይቆማል፤ ብዙ የሙዚቃ ሥራም ይቀዘቅዛል። በዚህ ወቅት ገቢ ቢቀንስም ለአዳዲስ ዘፈኖች ልምምድና ለፈተና ዝግጅት የተሻለ ጊዜ ይገኛል። በግብርና ሥራ የሚተዳደር ወጣትም በአጨዳና በውቂያ ወራት የማይችለውን ቀጠሮ ከመቀበል ይልቅ ፈተናውን ከወቅቱ በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል።

ከፈተናው በፊት

ባንዶች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዘፈኖችን አስቀድመው ይሰጣሉ። ደክሞት ለሚገባ ሠራተኛ ትልቁ ስሕተት ሁሉንም ለእሑድ ማቆየት ነው። ትምህርትን በብዙ አጫጭር ጊዜያት ከፋፍሎ መያዝ በአንድ ረጅም ቁጭታ ከመያዝ የተሻለ እንደሚጸና በሥነ ልቦና ምርምር በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነው። በመካከል የሚገኘው እንቅልፍም እጅ የለመደውን እንዲያጸና ይረዳል። ስለዚህ በየቀኑ የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ልምምድ እሑድ ከሚደረግ የአራት ሰዓት ትግል ይበልጣል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መሣሪያ ሳይነኩ ለማዳመጥ ይዋሉ። በታክሲ ወይም በእግር ጉዞ ላይ ዘፈኑን እየሰሙ መግቢያው ስንት ዙር እንደሆነ፣ ግጥሙ የት እንደሚጀምር፣ አዝማቹ ስንቴ እንደሚመለስና መጨረሻው እንዴት እንደሚዘጋ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በመካከሉ ሳይሆን በመሸጋገሪያውና በመዝጊያው ላይ ነው። ባንዱ ሲያቆም ብቻውን አንድ ድምፅ የሚጨምር ባሲስት ዘፈኑን እንዳላጠና ወዲያው ይታወቅበታል።

ከዚያ በኋላ ባሱ ይነሣል። በስልክ ላይ የሚጫን የሜትሮኖም መተግበሪያ ምቱን ይይዛል፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ስሕተት ሲጠፋ በጥቂት በጥቂቱ እየፈጠነ ይሄዳል። አምፕሊፋየር በሌለበት ቤት ባሱን በጆሮ ማዳመጫ መጫወት ጎረቤትንም አይረብሽም። በመጨረሻም ዘፈኑን ቀድቶ መልሶ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ሲጫወቱ ጥሩ የመሰለው ነገር ሲደመጥ ምቱን ቀድሞ የሚሮጥ ሆኖ ይገኛል። የደከመ ሰው ደግሞ ወይ ይሮጣል ወይ ይጎተታል።

በፈተናው ዕለት

ከሥራ በቀጥታ ወደ ፈተና የሚሄድ ሰው መሣሪያውን ማታ አዘጋጅቶ ማደር አለበት። የራስን ገመድ፣ መቃኛ፣ መለዋወጫ ክርና የዘፈኖቹን ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። የአለቃን ፈቃድ በዕለቱ ሳይሆን ቀደም ብሎ መጠየቅ ሥራንም ፈተናንም ያድናል። ታምሜአለሁ ብሎ ከሥራ ቀርቶ ማታ በመድረክ መታየት በትንሽ ከተማ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነገር አይደለም።

ወደ ልምምድ ቤት ሲገቡ በቅድሚያ የሚፈለገው ድራመሩ ነው፤ እግሩ በሚታይበት ቦታ መቆም ይገባል። ድምፅን ከሌላው በላይ አለማጉላት፣ በዘፈኑ ውስጥ የሌለ ጌጥ አለመጨመርና ስሕተት ቢፈጠር ሳይቆሙ ምቱን ይዞ መቀጠል ጥሩ ባሲስትን የሚያስመሰግኑ ነገሮች ናቸው። ባንዱ በድንገት «በአንድ ድምፅ ዝቅ አድርገን እንጫወተው» ቢል መደናገጥ አያስፈልግም፤ ይህ ድምፃዊ ላለው ባንድ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ቅርጹን የተማረ እጅ በአንገቱ ላይ ቦታውን ብቻ ይቀይራል።

ባንዱ የሚመዝነው ጣትን ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ሜታሊካ በ2003 አዲስ ባሲስት ሲፈልግ ስመ ጥር ተጫዋቾችን አንድ በአንድ ጠርቶ ሲፈትን በ2004 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ታይቷል። ለፈተና የቀረቡት መጫወት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። የሚቀረው ጥያቄ ከማን ጋር ለዓመታት በአንድ ክፍል መዋል ይቻላል የሚለው ነው። በመጨረሻ የተመረጠው ሮበርት ትሩሂዮ ነው፤ እስከ ዛሬም አብሯቸው አለ።

ውጤቱ አይሆንም ቢሆን ምክንያቱን በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። አንዱ ባንድ ያልተቀበለው ሰው ለሌላው ሊስማማ ይችላል፤ በአንድ ከተማ ያሉ ሙዚቀኞች እርስ በርስ ይተዋወቃሉና ሰዓቱን አክብሮ፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ባይመረጥም በሚቀጥለው ጊዜ ስሙ ይነሣል።

ከተመረጡ በኋላ

ብዙ ባንድ የሚፈርሰው በሙዚቃ ሳይሆን ባልተነጋገሩበት ነገር ነው። ስለዚህ የቀን ሥራ ያለው ባሲስት ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሣት አለበት። ልምምድ በየትኞቹ ቀናትና እስከ ስንት ሰዓት ነው? ክፍያ እንዴት ይከፋፈላል? የልምምድ ቤቱን ኪራይና የመንገዱን ወጪ ማን ይሸፍናል? የመሣሪያዎቹ ባለቤት ማን ነው? አባል ከሌላ ባንድ ጋር መሥራት ይችላል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ጄሰን ኒውስተድ በ1986 የሜታሊካን ፈተና አልፎ ከአሥር ዓመት በላይ ባስ ከተጫወተ በኋላ በጥር 2001 ከባንዱ ወጥቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከሌላ ባንድ ጋር መሥራቱ ከመሪ ድምፃዊው ጋር ያስነሣው አለመግባባት ነበር። ሲወጣ በጠቀሰው ምክንያት ውስጥ በጨዋታ ብዛት በሰውነቱ ላይ የደረሰው ጉዳትም አለበት። በትልቁ ባንድ ውስጥ ይህ ከሆነ፣ በቀን ሥራ ላይ ተደርቦ የሚጫወት ወጣትማ ሰውነቱን ይበልጥ ሊጠነቀቅለት ይገባል።

ጥንቃቄው በጆሮ ይጀምራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ያስቀመጠው ወሰን ለ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን 8 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በጠባብ ክፍል የሚለማመድ የሮክ ባንድ ከዚህ በላይ ሊሄድ ይችላል። የጆሮ መድፈኛ ማድረግና አምፕሊፋየሩን መቀነስ የፈሪ ሥራ አይደለም፤ የጠፋ መስማት አይመለስም። ቀን በመዶሻ፣ በዶማ ወይም በኮምፒዩተር የሚደክም እጅም ማታ ወፍራም ክር ከመጫኑ በፊት ማሟሟቅና በመካከል ዕረፍት ይፈልጋል። የሚያቃጥል ሕመም ወይም መደንዘዝ ሲሰማ «ይለመዳል» ብሎ መቀጠል ሁለቱንም ሥራ ያሳጣል።

ደመወዝን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙዚቃ መግባትም በስሜት የሚወሰን ነገር አይደለም። ከባንዱ የሚገኘው ገቢ ጥር ብቻ ሳይሆን ጾም ሲመጣም ኪራይ ይከፍላል ወይ ብሎ ቢያንስ አንድ ዓመት መዝግቦ ማየት ያስፈልጋል። እስከዚያው የቀን ሥራው ለባሲስቱ አንድ ነፃነት ይሰጠዋል፤ ያልወደደውን ሥራ ለገንዘብ ሲል ለመቀበል አይገደድም። አዲስ ባንድ ፍሬ እስኪያፈራ መጠበቅ የሚችለውም ሌላ መተዳደሪያ ያለው ሰው ነው።

ፈተናው ሲያልቅ የባንዱ መሪ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «ማክሰኞ በ12 ሰዓት ትገኛለህ?» ይላል። ሳምንቱን አስቀድሞ የቆጠረ ባሲስት መልሱን ያውቀዋል። የሚችል ከሆነ እችላለሁ ይላል፤ ማክሰኞም በ12 ሰዓት ባሱን ቃኝቶ ይገኛል። የማይችል ከሆነ «ማክሰኞ ሥራ እስከ 1 ሰዓት ነው፤ ረቡዕ እችላለሁ» ይላል። እንዲህ ያለውን ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰማ ባንድ ቀኑን ለመቀየር አይቸገርም፤ የሚቸገረው አዎ ብሎ በሚቀር ሰው ነው።